ኮምፒውተሩ የበቀለበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ባልደረባዬ ስልክ ባልዲ ውስጥ ወደቀባት። ወዲያው ቢሮው ሁሉ ባለሙያ ሆነ። አንዱ አጥፊው አለ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ አስጭው አለ፣ አንዷ ደግሞ ከሱቅ ሩዝ ገዝታ መጣችና ስልኩን ሳህን ውስጥ ቀበሩት። እኔ "ገለባው የወጣለት ሩዝ ነው አይደል?" ብዬ ጠየቅሁ። ምን ነካት ብለው አዩኝ። ጎንበስ ብዬ ሳህኑን አሸተትሁት። የሩዝ አቧራና የራሰ ፕላስቲክ አንድ ላይ ሸተተኝ፤ ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሥራ ብሎ ነገር አልሆነልኝም።

ቤታችን ወረታ ዳር ነበር። ከጓሯችን አጥር ወዲያ ከተማ የለም፤ ዓይን እስኪደክም ሩዝ ነው። በቤቱ ውስጥ አያቴ አባባ ካሴ፣ እናቴ፣ አጎቴ አያ ደምሴና እኔ ነበርን። አባቴ የአባባ የበኩር ልጅ ነው። እኔ ገና ዳዴ ስል ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ፤ እዚያው ንዳድ ይዞት ቀረ። የተረፈችን አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ነበረች፣ እሷም ላይ ተኮሳትሯል። ድምፁን አላውቀውም። ሌሎች ልጆች "አባቴ እንዲህ አለ" ሲሉ፣ እኔ የራሴን አባት በልቤ በአያ ደምሴ ድምፅ ነበር የማስወራው።

አያ ደምሴ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ጥገና ተምሮ ሥራ አጥቶ በክረምቱ መግቢያ ተመለሰ። ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ቀስ አድርገው ሲያወርዱ አይቼ ሕመምተኛ ያመጣ መስሎኝ ጠበል ላመጣ ወደ ቤት ሮጥሁ። ከብርድ ልብሱ የወጡት ግን ከአንድ የተዘጋ ቢሮ የገዛቸው ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ትልቁ የጎን ክዳን የለውም፣ አንጀቱ ውጭ ነው።

"ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ቆርቆሮ?" አሉ አባባ።

"ትልቁ ሰርቨር ይሆናል፣ አባባ። ጎተራ በሉት። ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ ፊልሙም፣ የሰርጉ ቪዲዮም እዚህ ይከተታል። ሰው ደጅ ቆሞ በስልኩ ይወስዳል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሁለቱን ደግሞ በገመድ አገናኛቸውና ልጆቹ ኳስ ይጫወቱባቸዋል።"

"ሰው እየወሰደ ሲሄድ ጎተራው ምን ይቀረዋል?"

"አያልቅም።"

"የማያልቅ ጎተራ አላየሁም" አሉ አባባ። ከሁለቱ እኔ ያመንሁት አባባን ነው። ጎተራ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ከበድ ያለው ነገር መጣ። አባባ መሬቱ ለሁለት እንደማይበቃ ያውቃሉ፤ ግን ደምሴ ሞፈሩን ቢይዝላቸው ይወዱ ነበር። "እስከ መስቀል ልየው" አሉ። አያ ደምሴም "ካልሆነልኝ መተማ እወርዳለሁ" አላቸው። እናቴ ወንፊቷን አቆመች። አባባ ዱላቸውን አንሥተው ጥጃውን ሊያዩ ወጡ፤ ጥጃው እኮ ጠግቦ ተኝቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቆርቆሮ ካልሠራ አያ ደምሴም አባቴ ወደቀረበት እንደሚሄድ አወቅሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ የማሽኑ መብራት እንደበራ አይ ነበር።

ማሽኑ የገባው ጥጃ በሚያድርበት ጓዳ ነው። አያ ደምሴ ኮምፒውተር አቧራ አይወድም ሲል፣ እናቴ ወለሉን በእበት አሳምራ ለቀለቀችለት። ገመዱ በማገሩ ላይ ተዘረጋ፣ በጨርቅ ቁራጭ ታሰረ። ዋይፋይ የሚረጨው ትንሽ ሣጥን ከምሰሶው ላይ ተሰቀለ፤ ጣሪያው ስለሚያፈስ ከላዩ የፕላስቲክ ሳህን ተደፋበት። ማራገቢያው ሲዞር የእበቱ ሽታ እየሞቀ ይመጣል። ጥጃው መጀመሪያ ፈራ፣ ኋላ ሙቀቱን ለምዶ ከሰርቨሩ ሥር ካልሆነ አልተኛም አለ።

ወሬው ቶሎ ዞረ። አንድ ከሰዓት ዝናብ እያካፋ አባባ ከማሳ ተመለሱ። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ወንዶች በግድግዳው ተደርድረው ቁጢጥ ብለዋል። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አንድ የሚናገር የለም። አባባ ከአጥሩ በር ላይ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና "ወይኔ ልጄን!" ብለው ጮኹ። "ደምሴ! ደምሴ!"

አያ ደምሴ መፍቻ በእጁ እንደያዘ ከጓዳ ዘሎ ወጣ። ወንዶቹም ከስልካቸው ቀና አሉ። አባባ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

"ሰው ሳይሞት እንዲህ አይቀመጥም" አሉ። "ሁለተኛ ደጄ ላይ አንገቱን የደፋ ሰው እንዳላይ!"

ከዚያ ወዲያ ፋይል የሚያወርድ ሁሉ አባባ ብቅ ሲሉ ቀና ብሎ ጮክ ብሎ ያወራል። ስለምን እንደሚያወራ ራሱም አያውቅም።

አባባን ከዚህም በላይ ያናደዳቸው ሰዎቹ ወስደው ዝም ብለው መሄዳቸው ነበር። እኛ ዘንድ አረም የሚታረመው በወንፈል ነው፤ ዛሬ የኔን ታርምልኛለህ፣ ነገ ያንተን አርምልሃለሁ። "እነዚህ ግን በልተው ይሄዳሉ" አሉ ለአያ ደምሴ። "ያመጣ ይውሰድ። ያላመጣ አይውሰድ። በጨዋታው የተሸነፈም ይረም።"

"ምን ይረም፣ አባባ?"

"ሩዝ ነዋ! ሌላ ምን ይታረማል?"

አያ ደምሴ ይቀልዱ መስሎት ነበር። በማግስቱ ሁለት ጎረምሶች በኳስ ጌም ተረቱና አባባ ራሳቸው እየመሩ ማሳ ውስጥ አስገቧቸው። ሩዝ የሚመስል አረም አለ፤ እሱን ከሩዙ መለየት ከኳሱ ይከብዳል። እናቴ ቆሎ ይዛ ወጣች፣ ሌሎቹ ተከትለው ሊያሾፉ መጡ፣ የሚያሾፉትም ሳያርሙ አልተለቀቁም። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ የአባባ ማሳ ከመንገድ ላይ ሲታይ የተበጠረ ራስ መሰለ። አባባም ማታ ማታ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት "ዛሬ ማን ተሸነፈ?" ማለት ጀመሩ። እኔ ይኼን ስሰማ ልቤ ይረጋ ነበር። ማሽኑ እየሠራ ነው፣ አያ ደምሴ የትም አይሄድም።

"ያመጣ ይውሰድ" በተባለው ምክንያት ነው እትዬ ዘውዴ የመጡት። ጎረቤታችን ናቸው፤ ልጃቸውን አንበሳሜ ድረዋል። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረች የስልክ ሚሞሪ ካርድ ፈቱ።

"የልጄ ሰርግ ነው። ሲዲው ተጭሮ ተጣለ፣ ያለችኝ ይችው ናት። ሰርጉ ካንተ ዘንድ ይቀመጥልኝና እዚች ላይ መዝሙር ሙላልኝ፣ የኔ ልጅ።"

አያ ደምሴ ሰርጉን ወደ ሰርቨሩ አስገብቶ ካርዷን በመዝሙር ሞላት። ከዚያ ደህና መግባቱን ሊያይ ከፈተው። ዳሱ ይታያል፣ ጭፈራው ይሰማል። ካሜራው በሰዉ መካከል ሲያልፍ የጠላ ማንቆርቆሪያ የያዘ ቀጭን ሰው ድንገት ዞረና ፊቱን በእጁ እየከለለ ሳቀ።

"እኔን ተወኝ! ይልቅ አባባን አንሣልኝ፤ ዛሬ ስቀዋል!"

ካሜራው ወደተባለው ዞረ፤ ግን ዘግይቷል፤ የአንድ ሰው ጀርባ ብቻ ታየ። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። "እሱ ነው" አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር፤ ግን እዚያው መደቡ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ የአያ ደምሴን እጅ ያዝሁ።

"አያ ደምሴ፣ ድገመው።"

ደገመው። የአባቴ ድምፅ የአያ ደምሴን አይመስልም። ቀጠን ያለ ነው፣ ሲስቅ ይሰበራል። በልቤ ያሳደግሁት አባት ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ አፈርሁም ደስም አለኝ።

ምስሉ ግን እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ እየተቆራረጠ ፊቱ በአራት ማዕዘን ይሞላ ነበር። ይኼን ሳይ የአባባ የጎተራ ነገር ትዝ አለኝ። እያለቀ ነው! ሰው በወሰደ ቁጥር ከአባቴ ይጎድላል፣ አንድ ቀን ዳሱ ብቻ ይቀራል። አያ ደምሴን አልቅሼ ለመንሁት፣ ማንም እንዳይወስደው። እሱም አንድ ፎቶ ደጋግሞ እየገለበጠ ዋናው እንዳልጎደለ አሳየኝ። ፎቶ ሌላ ነው፣ አባት ሌላ ነው አልሁት። ሲታክተው በስሜ ቦታ ከፍቶ ሰርጉን ቆለፈበት። "በቃ ያንቺ ነው። ማንም አይነካውም" አለኝ።

እኔ ራሴ ግን መቆጠብ አልቻልሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጓዳ ገብቼ "ድገመው" እላለሁ። አባባ አንድ ቀን እንኳን ገብተው አላዩትም። ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ተቀምጠው የቀንበር ጠፍር ይጠግናሉ፣ ስልካቸው ጉልበታቸው ላይ ናት። ባለ ባትሪዋ፣ ቁልፎቿ የተፋቁት ስልክ ናት። አንድ የተሸነፈ ጎረምሳ ከአረም ሲመለስ ያቺን ስልክ እየነካካ ሲያስረዳቸው አይቻለሁ፤ ባትሪውን ማብራት ያስተማራቸው መሰለኝ።

ነሐሴ ውስጥ የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። አያ ደምሴ በዋዜማው አንዱን ትንሽ ኮምፒውተር ሊያስጠግን ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። ጠዋት ስንነሣ ማሳው የለም፣ ሐይቅ ነው። ውኃው ድምፅ ሳያሰማ በአጥሩ ሥር ይገባል።

በእኛ ፎገራ ጎርፍ ሲመጣ የሚነሣ ነገር ተራ አለው። መጀመሪያ ዘር፣ ከዚያ ጥጃ፣ ከዚያ ልብስ። ጎርፉ የወሰደው ማሳ በቶሎ የሚተካበት ሩዝና ውኃው ሲሸሽ የሚዘራው ሽምብራ ከጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ይወጣል። ይኼ ተራ ሲዛነፍ አላየሁም። አባባ ጆንያውን እየተሸከሙ፣ እናቴ ከታች እየደገፈች፣ እኔ ትንንሹን ቋጠሮ አቀብላለሁ።

"አባባ፣ ሰርቨሩስ?"

"ዘር ይቅደም።"

"አባቴ እኮ እዚያ ውስጥ ነው!"

አባባ ጆንያው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። ዞረው አዩኝ። "አውቃለሁ" አሉ፣ ከዚያም ጆንያውን ቆጡ ላይ ጫኑ። አንድም ሳያስቀሩ ዘሩን ጨረሱ። ጥጃውን ለጎረቤት ልጅ አስረከቡ። ከዚያ ጓዳ ሲገቡ ውኃው ጉልበታቸው ደርሶ፣ የተለቀለቀው ወለል ሟሙቶ፣ ጠረጴዛው በአንድ እግሩ ሰምጦ ነበር። ሰርቨሩን ጎርፉ ውስጥ አገኙት። እንደተወለደ ጥጃ ታቅፈው ሲያወጡት ከአንጀቱ ቡናማ ውኃ ይወርድ ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ኮምፒውተርም አብሮ ሰጥሟል። ያኔ አባባን ጠላኋቸው፤ እውነቱ ይኼ ነው። ወደ አስፋልቱ ከፍታ ስንወጣ እጃቸውን አልያዝሁም።

አያ ደምሴ ሲመለስ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ቀርቶ ነበር። ማሽኑን ሊፈታታው ተቀመጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ግን ሩዝ ውስጥ ቅበረው አለ፤ ሩዝ እርጥበት ይመጥጣል፣ የእገሌ ስልክ የዳነው በሩዝ ነው። አያ ደምሴ የሚሻለው ፈታትቶ ማድረቅ እንደሆነ ያውቃል፤ ፀሐይ ግን ከየት ይምጣ? በቤቱም የተፈለፈለ ሩዝ አልነበረም፣ መፈልፈያውም በጎርፉ ቆሟል። አባባ ቆጡ ላይ ወጡና አንድ የዘር ጆንያ አወረዱ።

"አባባ፣ ይኼ ዘር ነው!"

"ሩዝ አይደለም እንዴ?"

አያ ደምሴ አባቱ ዘር ሲያወርዱለት እንዴት እምቢ ይበል? ማሽኑን ከነዲስኩ የእህል ጎታ ውስጥ አስገባው፤ አባባ ሩዙን ከነገለባው እየሰፈሩ አለበሱት። እንዲሞቀው ጎታውን ወደ ምድጃው አስጠጉት። እንዳይከፈትም እናቴን አስጠነቀቁ። እኔም በየቀኑ ጆሮዬን ጎታው ላይ አድርጌ አዳምጥ ነበር።

ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሲከፈት የሸተተን እንደ ጠላ ጥንስስ ነው። አያ ደምሴ እጁን ሰዶ ማሽኑን ሲያወጣ ሁላችንም አፋችን ተከፈተ። በቅሏል። ነጫጭ ሥሩ ሽቦውን ተብትቦታል፣ በማራገቢያው መካከል አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል፣ ዲስኩ ላይ ሳይቀር ጭቃና ሥር ነው። አባባ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ዘሩስ ደህና ነበር" አሉ።

አያ ደምሴ መሳቅ ጀመረ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ሳቅ መሆኑ ቀረ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና "እንግዲህ መተማ ነው" አለ። በማግስቱ ሻንጣውን አጥቦ አጥሩ ላይ አሰጣ። እኔ ሻንጣው እንዳይደርቅ ዝናብ እንዲዘንብ ጸለይሁ፤ እንደ ክፉ ዕድል ያን ቀን ፀሐይ ወጣ።

ሰዎቹ መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው። መጀመሪያ ለአባባ ስልክ ያስረዳው ጎረምሳ መጣ። "ከናንተ የወሰድሁት ፊልም አለኝ። ትፈልገው እንደሁ ብዬ" አለ። ከዚያ ሌላው ዘፈን፣ ሌላው የአጎቱን ሰርግ፣ ሌላው ጌሙን ይዞ መጣ። ከባሕር ዳር ተጠግኖ የተመለሰው ትንሽ ኮምፒውተር መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ አያ ደምሴ ካርድ እየተቀበለ ያስገባል። የወሰዱት ሁሉ ምንም ሳይጎድል ነው የተመለሰው። ከክፈፉ ሥር አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ናቸው፤ አሁን አባባን ስለሚያውቁ ቀና ብለው እያወሩ ተሰለፉ።

እትዬ ዘውዴም መጡ። የመዝሙሯን ካርድ ሰጥተው "የልጄ ሰርግስ?" አሉ።

አያ ደምሴ እኔን አየኝ። እኔም ያኔ ገባኝ። የተወሰደው ሁሉ አለ። ያላስወሰድሁት አንዱ ብቻ የለም። እናቴ ወደ ራሷ አስጠጋችኝ።

አባባ ከበሩ ላይ ተነሡ። ጋቢያቸውን ገልጠው ያቺን ስልክ አወጡ፣ ራቅ አድርገው እያዩ ቁልፍ ፈለጉ፣ ተሳሳቱ፣ ባትሪው በራ፣ አጠፉት፣ እንደገና ነኩ። መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ከሥሩ ከሩቅ ጭፈራ። ከዚያ "እኔን ተወኝ! ይልቅ አባባን አንሣልኝ፤ ዛሬ ስቀዋል!"

እትዬ ዘውዴ አማተቡ። አያ ደምሴ "አባባ፣ መቼ ቀዱት?" አለ።

"ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ። ያ ልጅ አሳየኝ።" ስልኳን ሰጡት። "ምስል የላትም። ይችንም አስገባት። ለመሣሪያህም ቆጡ ላይ ከዘሩ ጎን ቦታ አበጅቼለታለሁ። መተማ የሚል ቃል ደግሞ እንዳልሰማ።"

አያ ደምሴ ስልኳን ለእኔ አቀበለኝ። ከዚያ ወጥቶ ሻንጣውን ከአጥሩ አንሥቶ ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

እኔ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደግሜ ሰማሁት። ዝናቡ፣ ጭፈራው፣ አባቴ። ከአባቴ በኋላ ግን አንዲት ልጅ አለች፤ ከሱ ሳቅ ላይ ቀጥላ "አያ ደምሴ፣ ድገመው!" ትላለች። ጭቅጭቅ የምትወድ ትመስላለች። በዚያ ሰርግ ላይ ከአባቴ አጠገብ የቆመች ልጅ መስላኝ ቀናሁባት።

"አባባ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት?" አልሁ።

አባባ መጀመሪያ እናቴን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ ጋቢያቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቴ እንዳለው የሳቁት ያን ቀን ነው፤ በካሜራ የሚያነሣቸው ሰው ግን አልነበረም።